ባለገመድ ድሪል ወይስ የባትሪ ድሪል? ከመግዛትዎ በፊት ደረጃ በደረጃ የሚወስኑበት መንገድ

ድሪል ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፦ 21 ቮልት፣ 850 ዋት፣ 48 ሺህ ምት። ቁጥሮቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ብቻቸውን ግን ምንም አይወስኑም። የሚወስኑት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ ምን ይበሳል? ቀዳዳው ምን ያህል ይሰፋል? ሥራው ሳያቋርጥ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው። ባለገመዱና የባትሪው ድሪል የሚለያዩት ግን በዋናነት እዚያ ላይ ነው፤ የባትሪው በአጭር ጊዜ ጠንክሮ ይጠመዝዛል፣ ባለገመዱ እስከፈለጉት ድረስ ሳይደክም ይሽከረከራል።

ደረጃ 1፦ የሚበሱትን ይጻፉ

ወረቀት ይያዙና በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የሚሠሩትን ይዘርዝሩ። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚበሳውን ነገር ዓይነት፣ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር፣ ጥልቀቱን፣ ብዛቱን፣ እንዲሁም የሚታሰር ቪቴ ካለ ቁጥሩን ይጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «መደርደሪያ፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ 8 ሚሜ፣ ጥልቀት 50 ሚሜ፣ 24 ቀዳዳ፣ 24 ቪቴ። ቁም ሣጥን፣ ቺፑድ፣ 120 ቪቴ። በር፣ 2 ሚሜ ውፍረት ያለው አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ 6 ሚሜ፣ 16 ቀዳዳ።» እዚህ ዝርዝር ውስጥ ከበድ የሚለው ቀዳዳ 40 ብቻ ነው፤ ቪቴው ግን 144 ነው። መልሱ ከወዲሁ ወደ ባትሪ ድሪል ማዘንበል ጀምሯል።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ካላወቁ ገምተው አይጻፉ። በተዋሱት ድሪል፣ ዕቃ በሚሸፍነው ጥግ ላይ፣ በ5 ሚሜ የግንብ ፑንታ (ድሪሉ ላይ የሚታሰረው መብሻ) 40 ሚሜ ያህል ይብሱና የሚወጣውን ዱቄት ይመልከቱ። መጀመሪያ የሚወጣው ነጣ ያለ ዱቄት የልስኑ ነው። ቀጥሎ ቀይ ከመጣ ጡብ ነው። ግራጫ ዱቄት መጥቶ ፑንታው ድንገት ጥልቅ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። ግራጫው በጥቂት በጥቂቱ እየወጣ ፑንታው አልሄድ ካለ ኮንክሪት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ሊኖሩ ይችላሉ። ኮለኑና ቢሙ ኮንክሪት ሆኖ መሃሉ በብሎኬት መሞላቱ የተለመደ ነው፤ ከመስኮት በላይ ያለውም ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ነው። ሌላው ግድግዳ ላይ በቀላሉ ሲበሳ የዋለ ሰው የመጋረጃ ዘንግ ሊሰቅል ሲሞክር የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 2፦ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ይረዱ

«ባለገመድ ሁልጊዜ ይበረታል» የሚለው አባባል ከድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ዘመን የቀረ ነው። ፋይን የተባለው የጀርመን ኩባንያ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ድሪል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ብላክ ኤንድ ዴከር ገመድ አልባውን ይዞ የመጣው ደግሞ በ1961። በመካከሉ ያለው 66 ዓመት ባለገመዱ ብቻውን የነገሠበት ጊዜ ስለነበር አባባሉ ሥር ሰዷል። ሊቲየም ባትሪ ከመጣ ወዲህ ግን ጥያቄው «ማን ይበረታል?» መሆኑ ቀርቶ «በየትኛው ሥራ ላይ?» ሆኗል።

ባለገመዱን እንመልከት። ውስጡ ያለው ሞተር እጅግ ፈጣን ነው፤ ማርሹ ቀንሶት ፑንታው ጋ ሲደርስ በደቂቃ እስከ 3 ሺህ ዙር ገደማ ይሆናል። አብዛኞቹ መለስተኛ ባለገመድ ድሪሎች ያላቸው አንድ ማርሽ ብቻ ነው። ዝግ እንዲል ሲፈልጉ ቃታውን በከፊል ይጫናሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ስለሚቀንስ የመጠምዘዝ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ሌላም ችግር አለ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ራሱ የሞተሩ ዘንግ ላይ የተተከለ ነው። ሞተሩ ሲዘገይ ማራገቢያውም ይዘገያል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በግማሽ ቃታ፣ በወፍራም ፑንታ፣ ለረጅም ጊዜ ብረት የሚበሳበት ባለገመድ ድሪል የሚቃጠለው ደክሞ ሳይሆን አየር አጥቶ ነው።

የባትሪ ድሪል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላዩ የሚገፋ የማርሽ መቀየሪያ አለው። አንደኛ ማርሽ በደቂቃ እስከ 500 ዙር ገደማ፣ ሁለተኛ ማርሽ ከ1,500 እስከ 2,000 ይደርሳል። በአንደኛ ማርሽ አንድ ተራ ባለ 18 ቮልት ድሪል ከ50 እስከ 60 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው) ሊጠመዝዝ ይችላል፤ አነስተኛው ባለ 12 ቮልት 30 አካባቢ ነው፤ ለከባድ ሥራ የተሠሩት ከ100 ያልፋሉ። ረጅም ቪቴ ወፍራም እንጨት ውስጥ ለማስገባት ወይም ሰፊ ክብ ቀዳዳ ለማውጣት አንድ ማርሽ ካለው ባለ 600 ዋት ድሪል ይህ ይሻላል።

ታዲያ ባለገመዱ የሚበልጠው የት ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። የባትሪ አቅም ቮልቱ በአምፒር ሰዓቱ ሲባዛ ይገኛል፤ 18 ቮልት በ2 አምፒር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ነው። 600 ዋት የሚስብ ባለገመድ ድሪል ይህን ያህል ኃይል በሦስት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይጨርሰዋል። የ5 አምፒር ሰዓቱ ትልቅ ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እሱም 9 ደቂቃ ነው። የባትሪ ድሪል ጠዋት ተሞልቶ እስከ ማታ የሚያገለግለው ሥራው እየተቆራረጠ ስለሆነ ነው። ቪቴ ማሰር ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚያ ቀጣዩ ቪቴ እስኪነሳ ድሪሉ ያርፋል። ቀለም በመቀላቀያ ዘንግ ማማሰል ወይም ኮንክሪት ላይ ተከታታይ ቀዳዳ ማውጣት ግን እረፍት የለውም።

እንግዲህ በደረጃ 1 ከጻፉት ዝርዝር ላይ ሥራዎቹን በዚህ ዓይን ለዩዋቸው፦ ሳያቋርጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚሄደው ለባለገመዱ፣ ትንሽ ሠርቶ የሚያርፈው ለባትሪው።

ብረት የሚበሱ ከሆነ ፍጥነት ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ለተራ ብረትና ለኤችኤስኤስ ፑንታ (ብረት ለመብሳት የሚያገለግለው የተለመደው ዓይነት) የሚሠራ ቀላል መንገድ 8,000ን በፑንታው ስፋት ማካፈል ነው። ለ6 ሚሜ 1,300 ዙር ገደማ፣ ለ10 ሚሜ 800፣ ለ13 ሚሜ 600 ይሆናል። የማይዝግ ብረት ከሆነ የዚያን ግማሽ ወይም ያነሰ ይጠቀሙ። በ3 ሺህ ዙር 10 ሚሜ ፑንታ ብረት ላይ የሚያሳርፍ ሰው ጫፉን በሰከንዶች ውስጥ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሰማያዊ የሆነ ጫፍ ካልተሳለ በቀር ከዚያ በኋላ መፋቅ እንጂ መቁረጥ አይችልም። ስለዚህ 10 ሚሜና ከዚያ በላይ ብረት ዋና ሥራዎ ከሆነ፣ ባለገመድም ሆነ የባትሪ፣ ሁለት ማርሽ የሌለውን አይግዙ።

ደረጃ 3፦ ኮንክሪት ካለ ጥያቄውን ለይተው ያንሱ

የመዶሻ ምልክት ያለው ድሪል ሁሉ ኮንክሪት ይበሳል ማለት አይደለም። ተራው ባለ መዶሻ ድሪል ውስጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት ዲስኮች አሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲሽከረከር ጥርሶቹ ይንሸራተቱና ፑንታውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀጠቅጡታል። ካርቶኑ ላይ ያለው «48 ሺህ ምት» የሚመጣው ከዚያ ነው፦ 3 ሺህ ዙር በ16 ጥርስ ሲባዛ። ምቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ግን ቀላል ነው። ጉልበቱም የሚመጣው እርስዎ ከኋላ ከሚገፉት ነው። ለጡብና ለብሎኬት በቂ ነው። ጠንካራ ኮንክሪት ላይ ግን አንዱ 8 ሚሜ ቀዳዳ ደቂቃ አልፎ ሲሄድ፣ ክንድ ሲዝልና የፑንታው ጫፍ ሲግል ያያሉ።

ሮታሪ ሀመር የሚባለው የተለየ ማሽን ነው። ውስጡ ፒስተን አለ፤ አየር እየታመቀ መቺውን ይወረውረዋል። ምቱ በቁጥር ያነሰ፣ በክብደት የበለጠ ነው። ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው መለስተኛው ማሽን በአንድ ምት ከ2 እስከ 3 ጁል ይሰጣል። ፑንታው ቦይ ያለበት ኤስዲኤስ ፕላስ የሚባል እግር ስላለው በማጥበቂያ አይታሰርም፤ ይገፋና ቀጭ ብሎ ይገባል። እዚህ መግፋት አያስፈልግም፤ ማሽኑን ደገፍ አድርጎ መያዝ ይበቃል።

በዝርዝርዎ ላይ ከአሥር የሚበልጥ ባለ 8 ሚሜ ወይም የሰፋ የኮንክሪት ቀዳዳ ካለ፣ የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ ተራ ድሪል ላይ ገንዘብ ጨምረው «ኮንክሪትም ይበሳል» የሚባለውን አይፈልጉ። ለኮንክሪቱ ባለገመድ ሮታሪ ሀመር ይግዙ ወይም ይከራዩ፤ ለቀሪው ሥራ ቀለል ያለ የባትሪ ድሪል ይያዙ።

ሲበሱ ፑንታው ድንገት ቆሞ ከዱቄቱ ጋር የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከወጣ ፌሮ አግኝተዋል። አይግፉት። የግንብ ፑንታ ብረት አይቆርጥም፤ ጫፉ ላይ የተበየደችው ጠንካራ ቁራጭ ትሰበራለች። ኮለን ውስጥ ያለ ፌሮ ደግሞ ባይነካ ይሻላል። ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብለው እንደገና ይጀምሩ።

ደረጃ 4፦ ሶኬቱ የት እንዳለ ይለኩ

ከሥራው ቦታ እስከ ሶኬቱ ያለውን ርቀት ይራመዱት። የድሪል ገመድ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሜትር ነው፤ የቀረውን ማራዘሚያ ይሸፍነዋል። ማራዘሚያው እያንዳንዱ ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ መዳብ ይሁን። በመጠቅለያ ላይ ያለ ከሆነ ትንሽ ርቀት ቢፈልጉ እንኳ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ተጠቅልሎ እየሠራ ያለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል። ውኃ ወይም እርጥበት ያለበት ቦታ ላይ ባለገመዱን የሚጠቀሙ ከሆነ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ መከላከያ ላይ ይሰኩት።

መሰላል ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ ገና መስመር ባልተዘረጋበት ግንባታ ላይ የባትሪው ምርጫ ነው። ገመድ መሰላል ላይ እግር ይጠልፋል፤ ሲጎተትም ከላይ ያለውን ሰው ሚዛን ያስታል።

ኃይል የሚያገኙት ከአነስተኛ ጄኔሬተር ከሆነ ይህንን ያስቡ፦ ባለ 700 ዋት ድሪል ሲነሳ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ይስባል፤ ስለዚህ በትክክል 700 ዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር አይበቃውም። የባትሪ ቻርጀር የሚጠይቀው ግን በጣም ያነሰ ነው። መብራት በሚቆራረጥበትም ቦታ ሁለት የተሞሉ ባትሪዎች ሥራውን ያስጨርሳሉ።

ደረጃ 5፦ በዓመት ስንት ቀን እንደሚያወጡት በሐቀኝነት ይመልሱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በተቃራኒው ይገዛል። በዓመት ሦስት ጊዜ ሥዕልና መደርደሪያ የሚሰቅል ሰው «ለቤት ነው፣ ቀለል ያለ ይሁን» ብሎ የባትሪውን ይመርጣል። ሊቲየም ባትሪ ግን ሥራ ባይሠራም ያረጃል። ባዶ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ለወራት ከተተወ ደግሞ ቮልቱ ከሚፈቀደው በታች ይወርድና ቻርጀሩ አልቀበልም ይላል። በዓመቱ መጨረሻ ሲያወጡት ድሪሉ ደህና ነው፤ ባትሪው ሞቷል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አምራቹ ባትሪውን ወደ ሌላ ቅርጽ ቀይሮት ምትክ ሊታጣ ይችላል። ባለገመድ ድሪል አሥር ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በወጣበት ቀን ተሰክቶ ይሠራል።

ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚሠራ፣ ሶኬት ቅርቡ ለሆነ ሰው ባለገመዱ ይሻለዋል። በየሳምንቱ ለሚሠራ፣ ብዙ ቪቴ ለሚያስር፣ ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር ደግሞ የባትሪው።

ደረጃ 6፦ የባትሪውን ከመረጡ እነዚህን ይመርምሩ

ከቮልቱ ይጀምሩ። አንድ የሊቲየም ሴል 3.6 ቮልት ነው። አምስቱ ሲቀጠሉ 18 ይሆናሉ፤ ሙሉ በሙሉ ሲሞሉ ደግሞ 20 እና 21 ይደርሳሉ። ስለዚህ «18 ቮልት»፣ «20 ቮልት ማክስ» እና «21 ቮልት» ተብለው የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ያው አምስት ሴል ናቸው፤ 10.8 እና 12 ቮልትም እንዲሁ ሦስት ሴል ናቸው። ካርቶኑ ላይ 48፣ 88 ወይም 128 ተጽፎ ከጎኑ «ቪኤፍ» የሚል ካለ፣ ያ ቁጥር ቮልት አይደለም። ባትሪውን ገልብጠው ከታች ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ያንብቡ።

አምፒር ሰዓቱን በእጅ መመዘን ይቻላል፤ ይህ ከማናቸውም ጽሑፍ የበለጠ እውነት ይናገራል። በብዛት የሚገባው 18 ሚሜ ስፋትና 65 ሚሜ ርዝመት ያለው ሴል ክብደቱ ከ45 እስከ 48 ግራም ነው። የ2 አምፒር ሰዓት ባትሪ አምስት ሴል ይይዛል፤ ከነሽፋኑ ከ350 እስከ 400 ግራም ይመዝናል። የ4 ወይም የ5 አምፒር ሰዓቱ በዚሁ ሴል ከተሠራ አሥር ይይዛል፤ ከ600 ግራም በላይ መሆን አለበት። ከአዲሶቹ ተለቅ ያሉ ሴሎች የተሠራ ከሆነ ጥቂት ሊቀል ይችላል። «5 አምፒር ሰዓት» ተብሎ 380 ግራም የሚመዝን ባትሪ ግን የተጻፈበትን አይዝም። የኩሽና ሚዛን ይዘው ቢሄዱ አያሳፍርም።

አሥር ሴል ያለው ባትሪ ረጅም ጊዜ ከመሥራቱ ሌላ የሚሰጠው ጥቅም አለ። ሴሎቹ በሁለት ረድፍ ስለሆኑ የሚወጣውን ኃይል ይካፈሉታል፤ ከባድ ሥራ ላይ ብዙም አይግሉም፣ ቮልታቸውም ቶሎ አይወርድም። ያው ድሪል በትንሽ ባትሪ የቆመበትን ቀዳዳ በትልቁ ሊጨርስ ይችላል። ሚዛኑ ግን ከእጅ ጋር ነው፦ ከራስ በላይ ለሚሠራ ሥራ ትንሹ ይመረጣል።

አንድ ትልቅ ባትሪ ከሚገዙ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል። የመሙያውን ጊዜ ለማወቅ አምፒር ሰዓቱን ቻርጀሩ ላይ ለተጻፈው አምፒር ያካፍሉ፤ 4 አምፒር ሰዓት በ2 አምፒር ቻርጀር ሁለት ሰዓት ከትንሽ ነው። ቻርጀሩ ላይ 0.4 አምፒር ከተጻፈ የዚያ ባትሪ መሙያ ከአሥር ሰዓት ያልፋል፤ ይህ የማይጠበቅ መዘግየት ስለሚሆን ከመክፈል በፊት ይታይ።

ብራሽለስ የሚባለው ሞተር ካርቦን (ወደሚዞረው የሞተር ክፍል እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ቁራጭ) የለውም። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ኃይል ይቆጥባል፣ አይፈነጥቅም፣ ካርቦን መቀየርም የለም። ሥራው በየቀኑ ከሆነ ልዩነቱን ይክፈሉለት፤ ካልሆነ ካርቦን ያለውም ያገለግላል።

ከፊት ያለው ባለቁጥር ቀለበት ክላች ነው፤ ጉልበቱ ከተመረጠው መጠን ሲያልፍ መጠምዘዙን ይለቃል፤ ባለገመዶቹ አብዛኞቹ ይህ የላቸውም፤ ለቪቴ የማይመቹትም ለዚህ ነው። ቺፑድ ላይ ለትንሽ ቪቴ ከ3 ወይም ከ4 ይጀምሩ። የቪቴው ራስ ከገጹ ጋር ሳይስተካከል ክላቹ ተር-ተር ብሎ ከለቀቀ ሁለት ቁጥር ይጨምሩ። ራሱ ሰምጦ ቺፑዱን ካፈረሰው ይቀንሱ። ለመብሳት ቀለበቱን የፑንታ ምልክት ላይ ያድርጉት፤ እዚያ ክላቹ አይሠራም። ፑንታ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ቀለበቱን ቁጥር ላይ ትተውት «ድሪሉ ደከመ» የሚሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደረጃ 7፦ ባለገመዱን ከመረጡ

መጀመሪያ የሚነበበው ጎኑ ላይ የተለጠፈው የስም ሰሌዳ ነው። ቮልቱ ከሚጠቀሙበት መስመር ጋር መግጠም አለበት፤ ከ110 እስከ 120 ቮልት የተሠራ ድሪል 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ሁለት አራት ማዕዘኖች አንዱ በሌላው ውስጥ ተስለው ካዩ ድርብ መከለያ አለው ማለት ነው፤ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ የመጣለትም ለዚህ ነው፣ ጉድለት አይደለም።

ዋቱ ድሪሉ ከመስመር የሚስበው እንጂ ፑንታው ላይ የሚደርሰው አይደለም። ለቤት ሥራ ከ600 እስከ 750 ዋት ይበቃል። ከዋቱ በላይ ይህን ይፈልጉ፦ እንደ ተጫኑት መጠን የሚፈጥን ቃታ፣ ወደ ኋላ የሚያዞር መቀየሪያ፣ መዶሻውን የሚያጠፋና የሚያበራ ምልክት፣ እንዲሁም የጎን እጀታ። የጎን እጀታውን ካርቶኑ ውስጥ ትቶ የሚሠራ ሰው አለ። ፑንታው ብረት ውስጥ ወይም ፌሮ ላይ ሲነክስ ባለገመዱ ክላች ስለሌለው ራሱ ድሪሉ ይዞራል፤ አንጓ የሚጠመዘዘው ያኔ ነው። 13 ሚሜ ፑንታ የሚይዝ ማንድሪኖ (ፑንታው የሚታሰርበት የድሪሉ አፍ) ያለው ከ10 ሚሜው ይመረጣል። ካርቦኑ ከውጭ በሚፈታ ክዳን የሚወጣ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ለመቀየር ሙሉ አካሉ መከፈት ይኖርበታል።

ደረጃ 8፦ እጅዎ ላይ ይፈትኑት

ቀጥ ያለ አዲስ 8 ሚሜ ፑንታ ያስሩና በዝግታ ያሽከርክሩ። ጫፉን ከነጭ ወረቀት አጠገብ አድርገው ይመልከቱ። አንድ ነጥብ ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው፤ ክብ እየሳለ ከዞረ ማንድሪኖው ወይም ዘንጉ ጠማማ ነው። ፑንታውን ፈትተው፣ አዙረው፣ እንደገና ያስሩት፤ አሁንም ክብ ከሳለ አይግዙት። ከዚያ ማንድሪኖውን በጣትዎ ይያዙና ወደ ጎን ይነቅንቁት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ መላወስ ባለ መዶሻ ድሪል ላይ ያለ ነው፤ ወደ ጎን ቀጭ-ቀጭ ማለት ግን የኩሽኔታ ችግር ነው።

ቃታውን ከዝግታ እስከ ሙሉ ቀስ እያሉ ይጫኑ፤ ፍጥነቱ ሳይዘል መጨመር አለበት። የባትሪ ድሪል ቃታው ሲለቀቅ ወዲያው ይቆማል፤ እየተንከባለለ ከቆመ ፍሬኑ የለም ወይም አይሠራም። ባለገመዱ ላይ በአየር ማስገቢያው በኩል ትናንሽ ሰማያዊ ብልጭታዎች መታየታቸው የተለመደ ነው። ቢጫ እሳት ዙሪያውን ከከበበው ግን ካርቦኑ ወይም ካርቦኑ የሚፋተግበት ክፍል ተበላሽቷል፤ ያገለገለ ድሪል ሲገዙ ይህን ሳያዩ አይውጡ። ገመዱ ወደ እጀታው የሚገባበትን ቦታ እያጠፉ ድሪሉን ያብሩት፤ ከተቆራረጠ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል።

ደረጃ 9፦ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ብልሽቶችና መነሻቸው

የባትሪው ድሪል ከባድ ቀዳዳ መሃል ላይ ድንገት ቆሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ከሠራ፣ የጥበቃ ሥርዓቱ ነው ያቆመው። ማርሹን ወደ አንድ ይመልሱ፣ ቀድሞ በቀጭን ፑንታ ይብሱ፤ ባትሪው ከጋለ ያሳርፉት። የጋለ ባትሪ ወዲያው ቻርጀር ላይ አይሰካም፤ እጅ ላይ እስኪበርድ ይጠበቅ። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድም መሙላት ሴሉን ይጎዳዋል።

ማርሹን ድሪሉ እየዞረ አይቀይሩ፤ ጥርሶቹ ይፈርሳሉ። ካልገባ ማንድሪኖውን በእጅ ትንሽ አዙረው እንደገና ይግፉ።

ፑንታው ማንድሪኖው ውስጥ የሚዞር ከሆነ እግሩን ይመልከቱ፤ ተፍቆ ከሆነ ለስላሳ ዱካ ይኖራል። በቁልፍ የሚጠብቅ ማንድሪኖ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ በአንዱ ብቻ ሳይሆን በሦስቱም በየተራ ይጥበቅ።

ሴራሚክ ወይም ብረት ላይ መዶሻው መጥፋቱን ሁልጊዜ ያረጋግጡ። በመዶሻ የተጀመረ ሴራሚክ ይሰነጠቃል፤ በመዶሻ የተበሳ ብረት የፑንታውን ጫፍ ያደንዘዋል።

ባለገመዱ ከሸተተ ቃታውን ለቀው አያስቀምጡት። ፑንታውን ከቀዳዳው አውጥተው ያለ ጫና በሙሉ ፍጥነት ለአንድ ደቂቃ ያሽከርክሩት፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ያስወጣዋል። ጭስ ከታየ ግን ወዲያው ከሶኬት ይነቀል። ኃይሉ እየደከመ፣ እየተቆራረጠ ከመጣ ካርቦኑን አውጥተው ይለኩ፤ ከ5 ወይም ከ6 ሚሜ ካጠረ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር እኩል ያልሆነ ጫና ይፈጥራል። ግንብ ሲበሳ የቆየ ድሪል ከሥራ በኋላ በአየር ማስገቢያው በኩል ይነፋ፤ የሲሚንቶ ዱቄት ካርቦኑን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል።

የባትሪውን ድሪል ከአንድ ወር በላይ የማይነኩት ከሆነ ባትሪውን ከድሪሉ አውጥተው፣ ግማሽ ያህል ሞልተው፣ ፀሐይ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ በየሦስት ወሩም የሙላቱን መጠን የሚያሳዩትን መብራቶች ያዩና ወደ አንድ ከወረደ መልሰው ወደ ግማሽ ያድርሱት።